የእማማ አስካለ አሥራ አንድ እግር ትንባሆ

እኛ ቀበሌ ውስጥ እኔ የተናገርኩትን ሰው ሁሉ ለአራት አካፍሎ ነው የሚሰማው። "የበሬ ያህል ጅብ አባረረኝ" ካልኩ "ውሻ ጮኾበታል" ይባላል። በዚህ ተቀይሜ አላውቅም። እንዲያውም እንደሚያካፍሉት ስለማውቅ አስቀድሜ በአምስት አባዝቼ ነው የማወራው። ለቅሶ ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ሰው ሲደክመው የሚፈለገው እኔ ነኝ፤ ሽምግልና ላይ ነገር ሲከር "ጌታነህ የታለ?" ይባላል። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ አርባውን ሰው ሳስቅ ነው የኖርኩት።

አሁን የምጽፍላችሁ ግን ይህ አፌ ከአንድ ሐሙስ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ ውስጥ ያደረገውን ነው።

መሬቴ መርሐቤቴ ቆላው ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ነው። በመስኖ ትንባሆ አለማ ነበር። አትደንግጡ። እኛ አገር ትንባሆ የሚያለማ ሰው ሁሉ "ለከብት ነው" ይላል፤ ውሸትም አይደለም። ከብት ወንዝ ሲጠጣ አልቅት አፍንጫው ውስጥ ይገባል። የትንባሆ ቅጠል ጨፍልቀው ጭማቂውን ሲያንቆረቁሩለት አልቅቱ ዱብ ይላል። ነጋዴዎች ደግሞ ደረቁን ቅጠል እየጠቀለሉ ሽቅብ ወደ መንዝ፣ ዘመሮና ቀየት ገበያ ያወጡታል። እዚያ ብርዱ ላይ ያሉ ሽማግሌዎች አንድ ጊደር እንኳ ሳይኖራቸው ይገዙታል፤ ወቅጠው፣ ዱቄቱን በአፍንጫቸው ይስቡታል። አልቅቱ ከከብት ወደ ሰው ተሻግሯል ማለት ነው። ቄሶቻችን ይህን ቀልዴን አይወዱትም።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ትንባሆአችን ታመመ። ውሃ እያጠጣነው በቀትር ይጠወልጋል፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይነቃል፤ በማግሥቱም ያው። ቅጠሉ የጥጃ ጆሮ አክሎ ቀረ። ነቅለን ስናየው ሥሩ እንደ ዝንጅብል አብጦ ተቋጥሯል። አንዳንዱ "ዓይን በላው" አለ፤ እኔ "ትንባሆው ራሱ ትንባሆ ለምዶ ነው" ብዬ አሳቅኩ። በሁለተኛው ዓመት ሳቁ ቀነሰ። በሦስተኛው እኔም አልሳቅኩም። ከዚያች ማሳ በቀር መሬት የለኝም፤ ያ ዓመት እንደቀደሙት ካለፈ መሬቴን ምርቱን ልንካፈል ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥቼ ሰው ቤት ልቀጠር ነበር። ባለቤቴ ዘነበች "እንግዲህ ቀልድህን ቀቅዬ ላብላ?" ያለችኝ በዚያ ሰሞን ነው።

የነገሩን ምንነት የነገረችን ሰብለ ናት፤ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ፣ ትምህርቷን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ። ሥሩን በምላጭ ሰነጠቀችና "ኔማቶድ ይባላል። በዓይን የማይታይ ትል ነው፤ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይጠባዋል" አለችን።

"አልቅት ነው በይና!" አልኩ። "የከብቱን አልቅት ትንባሆ ሲያወጣ የትንባሆውን ማን ያውጣለት?"

ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቀጥላ ግን "እየተረዳዳችሁ በደቦ ስትኮተኩቱ፣ በዶማችሁና በእግራችሁ አፈሩን ከማሳ ማሳ ያዞራችሁት እናንተው ናችሁ" ስትል ሁላችንም እግራችንን አየን። ደቦ በሽታ ያመጣል ሲባል ሰምተን አናውቅማ።

ሐሙስ ጠዋት የእማማ አስካለ ጥጃ ገመዱን በጠሰ።

እማማ አስካለ ጎረቤቴ ናቸው። እናቴን አዋልደው እኔን በእጃቸው የተቀበሉ፣ ራሳቸው ግን ልጅ ሳይወልዱ ባላቸውን ጋሽ ወልዴን የቀበሩ አሮጊት ናቸው። ጋሽ ወልዴ በሕይወት ሳሉ ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ የትንባሆ ዘር ነበራቸው። እማማ ከአጥራቸው ሥር በየዓመቱ ጥቂት እግር ብቻ ያበቅላሉ፤ ለላሞቻቸው። ያን ዓመት አሥራ ሁለት እግር ነበረች። ጥጃው አንዷን ከነሥሯ ገነደሳት።

ጥጃውን ይዤላቸው ስገባ ማሳዬን ልታይ የመጣችው ሰብለ ከኋላዬ ነበረች። የወደቀችዋን ትንባሆ አንስታ አፈሯን አራገፈች። ከዚያ ቁጭ አለች።

"ጋሼ፣ ይሄን አየኸው?"

"ምኑን?"

"ሥሩን።"

ነጭ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ሥር። አንድ እባጭ የለበትም። ሰብለ ተነሥታ አጠገቧ ያለችውን የቲማቲም ችግኝ ነቀለች፤ የሷ ሥር እንደኔ ትንባሆ ተቋጥሯል። ዝቅ ብላ ቦዩን አየች። የእማማ ጓሮ ውሃ የሚጠጣው ከኔ ማሳ ከሚወርደው ቦይ ነው።

"ትሉ እዚህም አለ" አለች። "ቲማቲሙን በልቶታል። ይህችን ግን መብላት አልቻለም። ጋሼ፣ ይህች ዘር ትቋቋመዋለች! ትሉ ሥሯ ውስጥ ሲገባ የገባበትን ቦታ ራሷ ታደርቅበታለች። የሚጠባው ሲያጣ በረሃብ ይሞታል።"

"የዘነበች ዘመድ ናት" አልኩ። "እሷም የኔ ወንድም ሲመጣ ምድጃውን ታጠፋለች።"

አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣች፤ ተመልሳ ስትወርድ ፊቷ በርቷል። ከምርምር ማዕከል ሰኞ ሰው ይመጣል። ተክሎቹን ሊያዩ፣ ሥሩንም አፈሩንም ሊወስዱ። ዘሩ ግን ገና ነው፤ ፍሬው አረንጓዴ ነው፤ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ አሥር ቀን ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ አንዷም መነካት የለባትም። ዘሩ ከተያዘ በሚመጣው ዓመት በኔ ማሳ ላይ ይሞከራል።

በኔ ማሳ ላይ።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ የቆዩት እማማ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው "እኔ እኮ እሁድ ልቆርብ ነው" አሉ።

"እሰይ፣ እንኳን አደረሰዎ!" አልኳቸው።

"መምሬ ጥላሁን ትንባሆው ከጓሮሽ ሳይነቀል ሥጋ ወደሙ አልሰጥሽም ብለውኛል። ቅዳሜ ልነቅላት ነበር።"

ሰብለ አየችኝ። እኔ ሰብለን አየኋት። ከነአፈሩ ነቅለን ብናዞረውስ ብላት ፍሬ የያዘ ተክል ይደርቃል አለች። "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ጋሼ" አለችኝ። "አፍ ያለህ አንተ ነህ።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከእማማ ጋር ወደ ደብራችን ወጣን። መምሬ ጥላሁን የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ጥላ ይሰፋሉ። እማማ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ተሳልሜ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀጥ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ትሉን፣ ሥሩን፣ ማሳዬን፣ ሦስቱን ዓመት፣ አሥሩን ቀን፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

መምሬ መርፌውን ልብሳቸው ላይ ሰኩት።

"ሰው ቤት ልትቀጠር ነው ያልከው እውነት ነው?"

"እውነት ነው መምሬ።"

"ሳላካፍለው?"

"ሳያካፍሉት።"

ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ፣ መቼም የማልረሳላቸውን ነገር ተናገሩ።

"የሷና የአንተ ጓሮ አጥር ለአጥር አይደል? ትንባሆው ያለው አጥሩ ሥር ነው አልክ። እንግዲያው ነገ ማለዳ አጥሩን ንቀልና ከትንባሆው ወዲያ፣ በሷ በኩል ትከለው። ትንባሆው በአንተ በኩል ይሆናል። ከሷ ጓሮ ወጣ ማለት ነው። ኃጢአቱ ካለም በአንተ ነው።"

"በኔ ይሁን!" ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ካሉኝ ኃጢአቶች ጋር አስቀምጠዋለሁ፣ ብቻውን አይሆንም።"

ሳቁ። እማማም ከሩቅ ፈገግ አሉ። አለቀ። አንባቢዎቼ፣ ልብ በሉልኝ፦ ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል። አጥሩ ይዞራል፣ አሮጊቷ ይቆርባሉ፣ ዘሩ ይደርቃል። የቀረኝ ተነሥቶ መሄድ ብቻ ነበር።

ደስታ ግን በኔ አፍ በኩል ነው የሚወጣው። ደግሞ እማማን አየኋቸው፤ ድንጋዩ ላይ ኩምትር ብለው። ልጅ የላቸውም፤ ሲሞቱ ስማቸውን የሚጠራ የለም። እስቲ ደስ ላሰኛቸው አልኩ።

"መምሬ፣ ያደረጉት ቀላል ነገር መስሎዎት!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ሰኞ የሚመጣው እኮ አሥራ ሁለት መኪና ነው! ከእማማ ጓሮ የወጣችው ዘር አገር ልታለብስ ነው። ከዚህ እስከ ሱዳን፣ ከሱዳን እስከ ግብፅ! ስሟም 'አስካለ' ነው የሚባለው። ሰው ትንባሆ ባጨሰ ቁጥር 'አስካለን አቀብለኝ' ይላል። የዓለም ትንባሆ ሁሉ እናት እማማ አስካለ ናቸው፤ ስማቸው እስከ ዕለተ ምጽአት አይጠፋም!"

"እግዚኦ ተሣሃለነ! ሂድ አንተ ቀባጣሪ!" አሉ መምሬ፤ መርፌያቸውንም አነሡ። እሳቸው ለአራት አካፍለውታል። ምናልባትም ለአርባ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ እማማ ከኋላዬ ነበሩ። ዱላቸው ድንጋዩን ሲነካ ብቻ ይሰማል። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ።

"ጌታነህ።"

"አቤት እማማ።"

"አሥራ ሁለት መኪና ነው ያልከው?"

"ቢያንስ!"

"ስሙስ… እውነት በኔ ስም ነው የሚጠራው?"

ደስ ያላቸው መሰለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ ያላቸው መሰለኝ።

"ስም ብቻ? ፓኮው ላይ ፎቶዎ ይወጣል እንጂ! በነጠላ።"

"ፎቶዬም" አሉ።

ትንሽ ሄድንና ደግሞ ቆሙ።

"ይህ ሁሉ ሰው የሚያጨሰው… ከኔ ጓሮ የወጣውን ነው?"

"የርስዎን ነዋ!"

"ወልዴ ይህን አላሰበም" አሉ፤ ለኔ ሳይሆን ለመንገዱ። "ለላሚቱ ብሎ ነው ያመጣት።"

ሳቅኩ። ቤታቸው አድርሼያቸው "ጠዋት አጥሩን አዞራለሁ" ብዬ ሄድኩ። "እሺ ልጄ" አሉኝ።

ቅዳሜ ማለዳ አዳዲስ ችካል ጠርቤ፣ ተሸክሜ ወጣሁ። እያፏጨሁ ነበር። ከእማማ ጓሮ ጭስ ይወጣል። ቁርስ እያበሰሉ ነው አልኩ። ሁለት እርምጃ ስራመድ ሽታው ደረሰኝ። የእርጥብ ትንባሆ ጭስ የሚያንቅ፣ ዓይን የሚያነድ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም። ችካሉን ጥዬ ሮጥኩ።

ባዶ ነው። አጥሩ ሥር አሥራ አንድ ጉድጓድ። እማማ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው እሳቱን በረጅም እንጨት ይቆሰቁሳሉ። ሥሩን፣ ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ ፍሬውን፤ ሁሉንም። ፍም ውስጥ እጄን ሰድጄ ጥቂት ፍሬ ነጠቅኩ፤ መዳፌ ተላጠ።

"ምን አደረጉ እማማ! ምን አደረጉ!"

ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ እንደዚያን ቀን ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም።

"ና ልጄ፣ ና። እግዜር ይስጥህ። አንተ ባትነግረኝ አጥር አዙሬ ፈጣሪዬን ላታልል ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መርዝ አውርሼ፣ በስሜ እያጨሱ፣ እኔ በየት በኩል ነው ፊቱ የምቆመው? ሌሊቱን ሳስብ ነጋ። ነፍሴን ያተረፍካት አንተ ነህ።"

"ውሸቴን ነው እኮ!" ጮኽኩ። "መኪናው አንድ ነው! ስምም ፎቶም የለም! እማማ፣ ለኔ ማሳ ብቻ ነበር! ቀልዴን ነው!"

ራሴን ዳሰሱኝ፤ ስወለድ በተቀበሉኝ እጅ።

"አሁን ደግሞ እንዳላዝን ልታጽናናኝ ነው። አላዘንኩም ልጄ። አታልቅስ።"

ሰብለ ቢሮ ሮጬ ሄድኩ። የነጠቅኩትን ፍሬ በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ አልበሰለም። "ይህ አይበቅልም" አለች። ቀጥላ "ማን ነገራቸው?" አለች። "እኔ" አልኳት። ምን ብዬ እንደነገርኳቸውም ዘረዘርኩላት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፍሬውን ወረቀት ላይ አስቀመጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እሁድ እማማ አስካለ ቆረቡ።

ሰኞ አንዲት መኪና መጣች። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አመዱን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ። ጥጃው የገነደሳትን ሲጠይቁ እሷም እሳቱ ውስጥ እንደገባች ሰብለ ነገረቻቸው። አንደኛው ወደኔ ዞሮ "ስንት እግር ነበር?" አለ።

"አሥራ አንድ" አልኩ። "ሥሩ ነጭ፣ አንድ እባጭ የሌለበት።"

ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጎረቤቴ በቀለ ከኋላ "ጌታነህ አሥራ አንድ ካለ ሦስት ናት፤ ነጭ ካለም ዳለቻ ናት!" አለ። ሁሉም ሳቀ። ሰውዬውም ፈገግ ብሎ ማስታወሻውን ዘጋ። "ጋሽ ጌታነህ ያለው እውነት ነው፤ እኔም አይቻለሁ" ብላ ሰብለ ስትናገር፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሷም ቃል ከኔ ጋር ተካፈለ። ዓመቱ ሳያልቅ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ስትሄድ አልተሰናበተችኝም።

አሁን በማሳዬ ላይ የሌላ ሰው ማሽላ ነው ያለው። በእኩል ሰጥቼዋለሁ። ማሽላን ትሉ ብዙም አያጠቃውም ይላሉ። እኔ ሽቅብ መንዝ እየወጣሁ የሰው ገብስ አጭዳለሁ። እዚያ የሚያውቀኝ ስለሌለ የምናገረውን ማንም አያካፍለውም፤ እኔም ብዙ አልናገርም። ዘነበች "ምነው ዝም አልክ?" ትለኛለች። ድሮ "ምነው ዝም ባልክ" ነበር የምትለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከናንተም መካከል አፉ የማያርፍ ይኖራል። ውሸት ጎዳኝ እንዳይመስላችሁ። ስዋሽ ኖሬ ማንንም አልጎዳሁም፤ ሁሉም ማካፈል ያውቅ ነበርና። የጎዳኝ በሞት ደጅ ለቆመ ሰው ነገርን መጨመሬ ነው። ነፍሱን ለሚያስብ ሰው ቀልድ የለም፤ የነገርከውን ሁሉ ሙሉውን ይወስደዋል። ደግሞም "እሺ" ከተባላችሁ በኋላ አንድ ቃል አትጨምሩ። ተሳልማችሁ ውጡ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር ቀረ።

በቀጣዩ ክረምት፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ከእማማ አጥር ሥር ሦስት ቡቃያ አየሁ። የትንባሆ ዘር እንደ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ካለፉት ዓመታት አፈር ውስጥ የተረፈ ነበር ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ገና ሁለት ቅጠል ናቸው፤ አሁን ከነቀልኳቸው ይሞታሉ፤ አራት ቅጠል ሲያወጡ እወስዳቸዋለሁ አልኩ። እንደ ሌባ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ቀን ቆጠርኩ።

አራተኛው ቅጠል የወጣ ዕለት እማማ ጠሩኝ።

"ጌታነህ፣ ይህች ነገር ደግሞ በቀለች። ወገቤ አልታጠፍ አለኝ፤ አንተ ንቀልልኝ። ነገ እቆርባለሁ።"

ተንበረከክሁ። አጠገቤ ቆመዋል፤ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አንዷን በእጅጌዬ መክተት ለኔ ምን ቁም ነገር ነው? ስንቱን ሳታልል ኖሬ! "እማማ" አልኩ፣ "ያኔ የነገርኩዎት ውሸት ነበር። እባክዎ ይስጡኝ።" እንደ ድሮው ሳቁልኝ። "አይ አንተ!" አሉ። "እግዜር ይማርህ፣ ስታስቀኝ ትኖራለህ።"

ሁለተኛ ላታልላቸው እጄ እምቢ አለኝ።

ሦስቱንም ነቀልኩ። አፈሩን አራገፍኩ። ሥራቸው ነጭ ነበር፤ አንድ እባጭ የለበትም። መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። "ተባረክ ልጄ" አሉና ጭብጣቸውን ዘጉት።